ኩዌሪው ለምን ይጎተታል? ዳታቤዙ ራሱ የሚነግረንን ስለማንበብ

(ለዴቨሎፐሮች ያደረግኩት ንግግር ነው፣ ሲነገር እንደነበረው ነው የጻፍኩት፣ ድግግሞሹን ብቻ ቀንሼለታለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ። ከስራ በኋላ ደክሟችሁ ሳለ ስለ ዳታቤዝ ለማውራት መምጣታችሁ በጣም ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም ይሄ ጉዳይ የኛ የዴቨሎፐሮች ብቻ አይደለም። አንድ ቢሮ ሄዳችሁ ወረፋ ጠብቃችሁ መስኮቱ ጋር ስትደርሱ «ትንሽ ታገሱ፣ ሲስተሙ እየጎተተ ነው» ተብላችሁ ታውቃላችሁ፣ ከኋላችሁ ልጅ ያዘለች እናት አለች፣ ምርኩዝ የያዙ አባት አሉ፣ ሁሉም ቆመው የሚጠብቁት አንድ ኩዌሪ፣ ለዳታቤዙ የተላከ አንድ ጥያቄ፣ እስኪጨርስ ነው። ኔትወርክ ሊሆን ይችላል፣ መብራትም ሊሆን ይችላል፣ ግን ስንት ጊዜ ነው ውስጡ ሲታይ ዳታቤዙ አስር ሮው፣ የሰንጠረዥ ረድፍ ማለት ነው፣ ለማምጣት ሚሊዮን ሮው ሲያነብ የሚገኘው።

እንዲህ ሲሆን የሚደረገው ደግሞ የታወቀ ነው። ሰርቨሩ ሪስታርት ይደረጋል፣ ራም ይጨመርበታል፣ ወይ አንዱ ተነስቶ «ኢንዴክስ እንጨምር» ይልና ባገኘው ኮለም ላይ ሁሉ ኢንዴክስ፣ ዳታውን ቶሎ ለማግኘት የሚሰራ ማውጫ፣ ይደረድራል። ይሄ ሁሉ ግምት ነው። ዳታቤዙ ግን ምን ሊያደርግ እንዳሰበና በተግባር ምን እንደገጠመው ጠይቃችሁት ቁጭ አድርጎ በቁጥር ይነግራችኋል፣ የችግሩም ቦታ ሁልጊዜ ባይሆን አብዛኛውን ጊዜ ያሰበው እና የገጠመው የሚለያዩበት መስመር ላይ ነው። ዛሬ የምለው በቃ ይሄንኑ ነው። የማወራው ፖስትግሬስ ስለሚባለው ዳታቤዝ ነው፣ በየቀኑ የምሰራበት እሱ ስለሆነ፣ ግን ማይኤስኪውኤል የምትጠቀሙም አብዛኛው ነገር ይሰራላችኋል፣ ትዕዛዞቹ ናቸው የሚለያዩት።

መጀመሪያ የትኛው ኩዌሪ ነው የሚለውን እንያዝ። ሰው የሚያማርርበት ኩዌሪ እና ሰርቨሩን የሚበላው ኩዌሪ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ፒጂ ስታት ስቴትመንትስ የሚባል ኤክስቴንሽን አለ፣ ከፖስትግሬስ ጋር አብሮ ነው የሚመጣው ግን ካላበራችሁት አይሰራም፣ ለማብራት ደግሞ ኮንፊግ ላይ ጨምሮ ሰርቨሩን አንዴ ማስነሳት ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ችግር ሳይመጣ በፊት አብሩት። እያንዳንዱ ኩዌሪ ስንት ጊዜ ተጠራ፣ በአማካይ ስንት ሚሊሰከንድ ወሰደ፣ በድምሩ ስንት ወሰደ የሚለውን ይይዝላችኋል። ብዙ ሰው በአማካዩ ደርድሮ ያያል፣ እኔ በድምሩ ደርድሩ ነው የምለው። እስቲ አስሉት፣ በቀን አንዴ የሚሮጥ 40 ሰከንድ የሚፈጅ ሪፖርት አለ፣ ሌላ ደግሞ 30 ሚሊሰከንድ ብቻ የሚወስድ ግን በቀን 400,000 ጊዜ የሚጠራ ኩዌሪ አለ። ሁለተኛው በቀን 12,000 ሰከንድ ነው የበላው፣ ሶስት ሰአት ከ20 ደቂቃ ማለት ነው! እሱን ወደ 3 ሚሊሰከንድ ካወረዳችሁት ሲስተሙ በሙሉ ይተነፍሳል፣ ሪፖርቱ ግን ማታ ቢሮጥ ማንንም አይጎዳም።

ኩዌሪው ከታወቀ በኋላ ወደ ዋናው እንግባ፣ ኤክስፕሌይን አናላይዝ። ኩዌሪው ፊት ኤክስፕሌይን ብቻ ካላችሁ ዳታቤዙ ሊሄድበት ያሰበውን እቅድ፣ ፕላኑን፣ ያሳያችኋል፣ አናላይዝ ስትጨምሩበት ኩዌሪውን የእውነት ያስኬደዋል። የእውነት ያስኬደዋል ስል ዲሊት ከሆነ የእውነት ያጠፋል ማለቴ ነው፣ ስለዚህ ዲሊት ወይ አፕዴት ላይ ስትጠቀሙት ቢጊን ብላችሁ ጀምሩ፣ ሲያልቅ ሮልባክ ብላችሁ ወደነበረበት መልሱት። ባፈርስ የሚለውንም ጨምሩበት፣ ከ2025 ጀምሮ ባለው ቨርዥን 18 ላይ ራሱ ይጨምረዋል፣ ከዛ በፊት ያለው ላይ ግን በእጅ መጻፍ አለበት። ባፈርስ ስንት ፔጅ እንደተነበበ ነው የሚያሳየው፣ አንዱ ፔጅ 8 ኪሎባይት ነው። እኔ ከሚሊሰከንዱ በፊት የማየው እሱን ነው ምክንያቱም ሚሊሰከንድ ዳታው ካሽ ውስጥ፣ ሜሞሪ ላይ፣ ካለ ያንሳል ከሌለ ይበዛል፣ ሁለተኛ ጊዜ ስታስኬዱት ያፈጠናችሁት ይመስላችኋል፣ የፔጁ ቁጥር ግን እንዲህ አያታልልም።

አሁን አንድ ፕላን ከቅርብ እንይ። ለማሳያ የሰራሁት ነው፣ ቁጥሮቹን ለሂሳብ እንዲመቹ አድርጌ ነው የመረጥኳቸው። 125,000 ሮው ያለው የደንበኞች ቴብል አለ፣ 1 ሚሊዮን ሮው ያለው የክፍያ ቴብል አለ፣ ለአንድ ደንበኛ ስምንት ክፍያ ማለት ነው። ደንበኛው ላይ ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ የሚሉ ኮለሞች አሉ። ክልሉ ይሄ፣ ዞኑ ይሄ፣ ወረዳው ይሄ የሆኑትን ደንበኞች ከነክፍያቸው አምጣ ነው ኩዌሪው። ምንም የተወሳሰበ ነገር የለውም፣ ግን ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል።

ፕላኑን ስታዩት ከላይ ኔስትድ ሉፕ ይላል፣ ለአንዱ ቴብል እያንዳንዱ ሮው ሌላውን ቴብል እየዞረ ያያል ማለት ነው። ከስሩ የደንበኞች ቴብል መስመር ላይ ሁለት ቁጥር አለ፣ ግምቱ 1 ሮው፣ የመጣው 250 ሮው። እዚህ ጋ ቁሙ! ከዚህ በታች ያለውን ማንበብ ሳትጀምሩ ለምን አንድ ብሎ ገመተ በሉ። ፕላነሩ፣ እቅዱን የሚያወጣው የዳታቤዙ ክፍል፣ እያንዳንዱን ኮለም ለብቻ ነው የሚያውቀው። ክልሉ ከአምስት አንድ ነው፣ ዞኑ ከ50 አንድ፣ ወረዳው ከ500 አንድ፣ ሶስቱን ያባዛቸዋል 125,000 ይመጣል፣ 125,000 ሮውን ለሱ ሲያካፍል አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያገኘው። እኛ ግን እናውቃለን፣ ወረዳው ከታወቀ ዞኑም ክልሉም የታወቀ ነው፣ ስለዚህ ትክክለኛው 125,000 ለ500 ሲካፈል ነው፣ 250። ዳታቤዙ ወረዳ ዞን ውስጥ እንዳለ የነገረው ሰው የለም።

አንድ ሮው ነው የሚመጣው ብሎ ስላሰበ ደግሞ «ለአንድ ሰው ምን አለፋኝ፣ የክፍያውን ቴብል አንዴ ከላይ እስከ ታች ልየው» ብሎ ወሰነ። በራሱ ሂሳብ ትክክል ነው። ግን የመጡት 250 ናቸው፣ ስለዚህ ሚሊዮኑን ሮው 250 ጊዜ አየው። ፕላኑ ላይ ሉፕስ 250 ይላል፣ ሮውስ ሪሙቭድ ባይ ጆይን ፊልተር የሚለው ጋ 249,998,000 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ፣ ይሄ ሁሉ ሮው ታይቶ ተጥሎ የቀረው 2,000 ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ሉፕስ ያለበት መስመር ላይ የምታዩት ጊዜ የአንዱ ዙር አማካይ ነው፣ በሉፑ ካላባዛችሁት ትንሽ መስሏችሁ ታልፉታላችሁ፣ እኔ እስከማየው ፕላን ማንበብ የሚጀምር ሰው በብዛት የሚስተው እዚህ ጋ ነው።

መድሀኒቱ ሁለት ነው፣ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። አንደኛው ክሪኤት ስታቲስቲክስ የሚባል ትዕዛዝ አለ፣ ከ2017 ከቨርዥን 10 ጀምሮ ያለ ነው፣ እነዚህ ሶስት ኮለሞች የተያያዙ ናቸው ብላችሁ ትነግሩትና ቴብሉን አናላይዝ ታደርጉታላችሁ፣ ይሄኛው አናላይዝ ከኤክስፕሌይን አናላይዝ የተለየ ነው፣ የቴብሉን ቁጥሮች እንደገና የሚሰበስብ ትዕዛዝ ነው፣ ግምቱ ወደ 250 ይጠጋል። ሁለተኛው የክፍያው ቴብል ላይ የደንበኛ አይዲ ኮለሙ ኢንዴክስ አልነበረውም። ፎሪን ኪ፣ ወደ ደንበኞቹ ቴብል የሚያመለክት ቁልፍ፣ አድርገነዋል እኮ ትሉ ይሆናል፣ ፖስትግሬስ ግን ለፎሪን ኪ በራሱ ኢንዴክስ አይሰራም፣ ይሄን የማያውቅ ሰው በጣም ብዙ ነው፣ ከማይኤስኪውኤል የመጣ ሰው ደግሞ ኢኖዲቢ፣ የማይኤስኪውኤል ማስቀመጫ ሞተር፣ ራሱ ስለሚሰራለት እዚህም እንደዛው ይመስለዋል። ዛሬ ቤት ስትገቡ ፎሪን ኪዎቻችሁን ቼክ አድርጉ።

ይሄ በዋጋ አስልቶ መንገድ የመምረጥ ነገር አዲስ አይደለም፣ ፓትሪሺያ ሴሊንጀር እና ባልደረቦቿ አይቢኤም ውስጥ ሲስተም አር የሚባለው ዳታቤዝ ላይ ሲሰሩ በ1979 ያወጡት ሀሳብ ነው፣ ዛሬም አብዛኛው ዳታቤዝ የሚሄደው በዛው መንገድ ነው። ሂሳቡ ደህና ነው፣ የሚያበላሸው የምንሰጠው ቁጥር ነው። ፖስትግሬስ ቁጥሩን የሚያገኘው ከቴብሉ ናሙና ወስዶ ነው፣ ሴቲንጉን ካልነካችሁት 30,000 ሮው ያህል ይወስዳል። በራሱ የሚያድሰው ደግሞ ከቴብሉ 10 በመቶ ያህል ሲቀየር ነው፣ ስለዚህ ማታ ትልቅ ዳታ አስገብታችሁ ወዲያው ሪፖርት ካስኬዳችሁ ፕላነሩ ገና የድሮውን ነው የሚያውቀው። ዳታ ጭናችሁ ስትጨርሱ አናላይዝ በሉ፣ በቃ፣ አንድ መስመር ነው።

አሁን እኛ ሀገር ሲስተም የሚሰራ ሰው ሁሉ የሚገጥመው ነገር ላይ ልምጣ፣ ዋናውን ጊዜዬን እዚህ ላይ ላጥፋ ምክንያቱም የውጭ ቱቶሪያል ላይ አታገኙትም። የኛ ቀን እና የኛ ስም።

ቀኑን እንየው። ዳታቤዙ ውስጥ ቀኑ በፈረንጅ ነው የተቀመጠው፣ ይሄ ልክ ነው። ሪፖርት የሚጠይቀው ሰው ግን «የ2017 በጀት ዓመት» ነው የሚለው። ዴቨሎፐሩ ምን ያደርጋል፣ ቀኑን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚቀይር ፋንክሽን ይጽፍና ዌር፣ የማጣሪያው ሁኔታ የሚጻፍበት ቦታ፣ ውስጥ ያስገባዋል፣ የተቀየረው ቀን በጀት ዓመቱ 2017 የሆነውን አምጣ ይላል። ያኔ ቀኑ ላይ ያለው ኢንዴክስ ዋጋ የለውም። ኢንዴክሱ የተደረደረው በኮለሙ ነው፣ በፋንክሽኑ ውጤት አይደለም። ካርድ ክፍል ካርዶቹ በቁጥር ተደርድረው ሳለ «ባለፈው ዓመት ሆስፒታል የመጡትን አውጡ» እንደማለት ነው፣ እያንዳንዱን ካርድ አውጥቶ ገልጦ ማየት ግድ ይሆናል። ዳታቤዙም እያንዳንዱን ሮው አንስቶ ፋንክሽኑን ጠርቶ ያያል፣ ሚሊዮን ሮው ካለ ሚሊዮን ጊዜ።

መፍትሄው መቀየሩን ወደ ሌላኛው ጎን መውሰድ ነው። ሮዎቹን ሳይሆን የጠያቂውን ቀን ቀይሩት፣ አንዴ፣ አፑ ውስጥ። የ2017 በጀት ዓመት ማለት ከሐምሌ 1 ቀን 2016 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2017 ነው፣ በፈረንጅ ከጁላይ 8፣ 2024 ጀምሮ ከጁላይ 8፣ 2025 በፊት ያለው ነው። ዌር ላይ ኮለሙን ራቁቱን ተዉትና ከዚህ እኩል ወይም የሚበልጥ፣ ከዚህ የሚያንስ በሉት፣ ኢንዴክሱ ይሰራል። ቢትዊን አትጠቀሙ፣ የመጨረሻዋን ቀን ሰአቶች ያበላሽባችኋል። የሰአት ዞኑንም አትርሱ፣ ሰርቨሩ በዩቲሲ ከሆነ የሱ እኩለ ሌሊት የኛ ከሌሊቱ 9 ሰአት ነው፣ ዞኑን ሳትነግሩት ቀን ብቻ ከጻፋችሁ ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰአት ያለው ክፍያ ወደ ሌላ ቀን ይሄድባችኋል። ይሄኛው የፍጥነት ነገር አይደለም የገንዘብ ነው፣ ግን እዚሁ መስመር ላይ ስለሆናችሁ አብራችሁ አስተካክሉት።

ስም ደግሞ አለ። ኃይሉ፣ ሃይሉ፣ ሀይሉ፣ ኀይሉ፣ አራቱም አንድ ሰው ናቸው። ፀሐይን በስንት አይነት እንደሚጽፉት አስቡት። መዝጋቢዋ በአንዱ ጽፋዋለች ፈላጊው በሌላው ይጽፋል፣ ስለዚህ ሁሉም ሰው ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የሚመልስ ፋንክሽን ይጽፋል፣ መጻፉም ግድ ነው፣ ግን ዌር ውስጥ ኮለሙ ላይ ሲያስገባው ያው የቀኑ ታሪክ ይደገማል። እዚህ ላይ መቀየሩን ወደ ፈላጊው ብቻ መውሰድ አይቻልም፣ የተመዘገበውም የተለያየ ነውና። ስለዚህ የተስተካከለውን ስም አስቀምጡት። ከቨርዥን 12 ጀምሮ ጄኔሬትድ ኮለም አለ፣ ስቶርድ ብላችሁ ስትፈጥሩት ስሙ ሲገባ ዳታቤዙ ራሱ አስተካክሎ ሁለተኛ ኮለም ላይ ያስቀምጠዋል፣ ትራንስሌት የሚባለው ፋንክሽን ለዚህ ይበቃል፣ ኢንዴክሱን እዛ ኮለም ላይ ትሰራላችሁ፣ ሲፈለግም የፈላጊውን ጽሁፍ በዛው ፋንክሽን ታሳልፉታላችሁ። ሰውየው የተመዘገበበት ስም ሳይነካ ይቀራል፣ ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነው፣ የሰው ስም እሱ እንደጻፈው መቀመጥ አለበት።

ከዛ ላይክ ይመጣል፣ በከፊል ጽሁፍ የምንፈልግበት፣ ፐርሰንት እዚህ «ምንም ይሁን» ማለት ነው። ሰው የስሙን መጀመሪያ ጽፎ ነው የሚፈልገው፣ ከኋላው ፐርሰንት ብቻ ካለ ተራው ኢንዴክስ፣ ቢትሪ የሚባለው፣ ይበቃል ትላላችሁ፣ ግን ዳታቤዛችሁ ኮሌሽኑ፣ ጽሁፍ የሚደረደርበት ደንብ፣ ሲ የሚባለው ካልሆነ አይበቃም፣ ኢንዴክሱ ሲሰራ ቴክስት ፓተርን ኦፕስ የሚለውን መጨመር አለባችሁ። ፐርሰንቱ ከፊትም ከኋላም ከሆነ ደግሞ ቢትሪ በጭራሽ አይሆንም፣ ፒጂ ትሪግራም የሚባለው ኤክስቴንሽን ነው የሚያስፈልገው፣ ቃሉን ሶስት ሶስት ፊደል እያደረገ ቆራርጦ ኢንዴክስ ያደርገዋል። እዚህ ጋ አማርኛ ለብቻው የሚገጥመው ነገር አለ። በላቲን ስምንት ዘጠኝ ፊደል የሚፈጅ ስም በኛ አራት ነው፣ ሳራ ሁለት ፊደል ናት፣ ስለዚህ ሳራን ከፊትም ከኋላም ፐርሰንት አድርጋችሁ ስትፈልጉ ሶስት ፊደል የሚሞላ ቁራጭ የለም፣ ኢንዴክሱ ምንም ሊያጣራ አይችልም። ከፊት ያለውን ፐርሰንት ስታነሱት ግን የቃሉን መጀመሪያ በባዶ ቦታ ስለሚሞላው ይሰራል። እና የፍለጋ ሳጥናችሁ በነባሪ ከስም መጀመሪያ ይፈልግ፣ ከመሃል መፈለግ የሚፈልግ ሰው ሶስት ፊደል እስኪጽፍ ጠብቁት። ኮሌሽኑ ሲ የሆነ ዳታቤዝ ላይ ደግሞ ትሪግራም ፊደላችንን እንደ ፊደል ላያውቀው ስለሚችል ዳታቤዙን ስትፈጥሩ ጀምሮ አስቡበት።

የስም፣ የአባት፣ የአያት ኢንዴክስ ሲሰራ ቅደም ተከተሉ ዋጋ አለው። ስም ቀድሞ አባት ቢከተል በስም መፈለግ ይቻላል፣ በስምና በአባት ይቻላል፣ በአባት ስም ብቻ ግን ብዙም አይረዳችሁም። ቨርዥን 18 ላይ ስኪፕ ስካን፣ የመጀመሪያው ኮለም ሳይጠየቅም ኢንዴክሱን የሚጠቀም መንገድ፣ መጥቷል፣ ግን የሚጠቅመው የመጀመሪያው ኮለም ጥቂት አይነት ዋጋ ብቻ ሲኖረው ነው፣ የሰው ስም ደግሞ እንደዛ አይደለም።

ኢንዴክስ ነጻ አይደለም፣ እያንዳንዱ ኢንሰርት ሁሉንም ኢንዴክስ መንካት አለበት። ፒጂ ስታት ዩዘር ኢንዴክስስ የሚለው ቪው ላይ ስንት ጊዜ እንደተጠቀመበት ይጽፋል፣ ለወራት ዜሮ የሆነውን አይታችሁ ጣሉት፣ ዩኒክ ከሆነ ወይ ሪፕሊካ፣ የዳታቤዙ ቅጂ፣ ላይ የሚሰራበት ከሆነ ግን አትንኩት። ሰው እየተጠቀመበት ባለ ሲስተም ላይ ኢንዴክስ ስትሰሩ ኮንከረንትሊ የሚለውን ጨምሩ፣ ያለሱ ኢንዴክሱ እስኪያልቅ ቴብሉ ላይ መጻፍ ይቆማል። መሃል ላይ ከተቋረጠ ኢንቫሊድ የሆነ ኢንዴክስ ትቶ ይሄዳል፣ እሱን አጥፍቶ እንደገና ነው።

ሶስት ነገር ቶሎ ቶሎ ልበል። ኦፍሴት 100,000 ስትሉት መቶ ሺውን ሮው አንብቦ ነው የሚጥለው፣ በሱ ፋንታ የመጨረሻውን አይዲ ይዛችሁ ከሱ በላይ ያለውን ጠይቁ። ኦአርኤም፣ ኩዌሪውን የሚጽፍላችሁን ላይብረሪ፣ የምትጠቀሙ ሰዎች ሎጋችሁን አንዴ ከፍታችሁ እዩት፣ አንድ ገጽ ለመክፈት አንድ አይነት ኩዌሪ መቶ ጊዜ እየተላከ ከሆነ ኢንዴክስ አያድናችሁም። ፕላኑ ላይ ሶርት ስር ኤክስተርናል መርጅ ዲስክ ካያችሁ ዎርክ ሜም፣ ለመደርደር የሚሰጠው ሜሞሪ፣ አንሶታል፣ ከፋብሪካ ሲመጣ 4 ሜጋባይት ነው፣ ግን ለሰርቨሩ በሙሉ አታሳድጉት፣ ለእያንዳንዱ ሶርት ለእያንዳንዱ ኮኔክሽን ለብቻ የሚወሰድ ስለሆነ ራሙን ይጨርሰዋል፣ ለዛ ሪፖርት ብቻ ሴት አድርጉለት።

አንዳንዴ ደግሞ ኤክስፕሌይን አናላይዝ ስትሉት 2 ሚሊሰከንድ ይላል፣ ሰው ግን 30 ሰከንድ ይጠብቃል። እንደዛ ሲሆን አንዱ ምክንያት ኩዌሪው ሌላ ሰው የያዘውን ሎክ እየጠበቀ መሆኑ ነው። አሁን ማን ምን እየሰራ እንደሆነ የሚያሳየውን ፒጂ ስታት አክቲቪቲን ክፈቱ፣ አይድል ኢን ትራንዛክሽን የሚል ካለ ቢጊን ብሎ ኮሚት ሳይል ወደ ሻይ የሄደ ሰው ወይ አፕ አለ ማለት ነው፣ ማን ማንን እንደያዘ ፒጂ ብሎኪንግ ፒድስ ይነግራችኋል። ኦልተር ቴብል የምታደርጉ ከሆነ መጀመሪያ ሎክ ታይምአውት አድርጉ፣ የናንተ ኦልተር ሲጠብቅ ከኋላው የመጣው ሴሌክት ሁሉ አብሮ ይሰለፋልና።

ሁለት ጥያቄ ተነስቶ ነበር፣ ጥሩ ስለነበሩ ልጻፋቸው።

አንዲት እህታችን «እኔ ማሽን ላይ ፈጣን ነው ፕሮዳክሽን ላይ ነው የሚጎተተው፣ ፕላኑም ሌላ ነው» አለች። ትክክል ነው፣ መቶ ሮው ያለው ቴብል አንድ ሁለት ፔጅ ነው፣ ፕላነሩ ኢንዴክስ ቢኖርም ቀጥታ ማንበቡን ይመርጣል፣ እንደዛ መሆንም አለበት። ስለዚህ መለኪያችሁ የፕሮዳክሽኑን ያህል ሮው ይኑረው፣ የሰው ዳታ ገልብጣችሁ አትውሰዱ፣ ጄኔሬት ሲሪስ በሚለው ፋንክሽን ሚሊዮን ሮው መስራት ደቂቃም አይፈጅም። ስም ስትሞሉ ግን ሁሉንም እኩል አትበትኑት፣ እውነተኛው ዳታ ላይ አንዳንዱ ስም በሺህ የሚቆጠር ሰው አለው አንዳንዱ አንድ ሰው ብቻ፣ ለሁለቱ የሚመረጠው ፕላን የተለያየ ነው፣ ሁለቱንም ሞክሩ።

አንድ ወንድማችን ደግሞ «እና ራም መጨመር በጭራሽ አያስፈልግም?» አለ። ያስፈልጋል። ኩዌሪዎቹ ተስተካክለው፣ ግምቱ ከእውነቱ ጋር ተቀራርቦ፣ የሚነበበው ፔጅ ሁሉ የግድ የሚያስፈልግ ሆኖ ሳለ ባፈርስ ላይ ሪድ የሚለው ቁጥር ከሂት፣ ፖስትግሬስ ራሱ ካሽ ውስጥ ካገኘው፣ ጋር ሲነጻጸር አሁንም ትልቅ ከሆነ፣ የሚሰራበት ዳታ ሜሞሪ ውስጥ አልገባም ማለት ነው። ሪድ ሁሉ ከዲስክ ነው ማለት አይደለም፣ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ካሽ ሊሰጠው ይችላል፣ ለዛ ትራክ አይኦ ታይሚንግን አብሩና ለማንበብ የጠፋውን ጊዜ እዩት። ጊዜው እዛ ላይ ካለቀ የግዢ ጥያቄውን ከነፕላኑ አያይዛችሁ ለአለቃችሁ አስገቡ። ሼርድ ባፈርስንም፣ የፖስትግሬስን የራሱን ካሽ መጠን፣ እግረ መንገዳችሁን እዩት፣ ካልነካችሁት 128 ሜጋባይት ላይ ነው ያለው፣ 64 ጊጋባይት ራም ብትገዙም እሱ በራሱ አያድግም።